ሚዛኑ አዛውንትን የበደለበት ሰሞን

ጠዋት ጠዋት የእኔ ዕድሜ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ እኔ ከርነል እጠግናለሁ። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ይሳቅ። ከርነል የኮምፒውተር አስኳል ነው፤ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ ሜሞሪ ሲፈልግ የሚለምነው፣ መሣሪያ መንካት ሲያምረው የሚያስፈቅደው እሱን ነው። ኮዱ ለዓለም ክፍት የሆነ አንድ ትልቅ ከርነል አለ። ማንም ሰው አውርዶ ማንበብ ይችላል፤ ስህተት ካገኘም አርሞ መላክ ይችላል። እኔ አርሜ ልኬአለሁ፤ ተቀብለውኛልም። አንድ ጊዜ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ይህንን የሚሠራ ሌላ ጡረተኛ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ፤ እስካሁን በሬን ያንኳኳ የለም።

ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ስገባ ጠራጊ ነበርኩ፤ ስወጣ ግን ማሽን በቆመ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠራው የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ከማሽኖቹ ማኑዋል ነው። ስለዚህ ፈረንጅ ሰላም ቢለኝ ትንሽ እደናገራለሁ እንጂ «ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት ኃይሉን አጥፋ» ለማለት አንደበቴ አይያዝም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጄ አግብታ ስትሄድ አሮጌ ላፕቶፕዋን ትታልኝ ሄደች። ፎቶ ኮፒ የተደረገ የፕሮግራም መጽሐፍ ከሜክሲኮ አካባቢ ገዛሁና ቁጭ አልኩ። ማንም አላሳየኝም። ማንም «እንዲህ አድርግ» አላለኝም። ጭንቅላቴ ጥሩ ስለሆነ ገባኝ፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

እኔ የምጠግነው ከከርነሉ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃል መቅዳትን። አንድ ፕሮግራም አንድን ስም ከአንዱ የሜሞሪ ቦታ ወደ ሌላው ሲወስድ የሚያዝዘው ሠራተኛ አለ። የእንግሊዝኛ ስሙ አናባቢ የሌለው የፊደል ክምር ስለሆነ እኔ «አሮጌው ቀጂ» እለዋለሁ። አሮጌው ቀጂ እህል ወደ ከረጢት ሲገለብጥ ከረጢቱን እንደማያይ ሰው ነው። ቁናው እስኪያልቅ ያፈሳል። ከረጢቱ ትንሽ ከሆነ የተረፈው አጠገቡ ባለው የሌላ ሰው ከረጢት ውስጥ ይገባል። እህል ቢሆን መሬት ላይ ፈሶ ይታያል። ሜሞሪ ውስጥ ግን መሬት የለም፤ ያለው ጎረቤት ብቻ ነው።

ይህንን ያዩ ሰዎች ቆየት ብለው ሁለተኛ ቀጂ አመጡ። እሱን «ባለ ልክ» እለዋለሁ። ከረጢቱ ስንት እንደሚይዝ ይጠይቃል፤ ሲሞላ ያቆማል። ችግሩ እስከ አፉ ከሞላው አፉን ሳያስር ጥሎት መሄዱ ነው። ኮምፒውተር አንድ ቃል የት እንዳለቀ የሚያውቀው በማሰሪያው ነው፤ ማሰሪያ ከሌለ የጎረቤቱንም አብሮ ያነባል። በመጨረሻ ሦስተኛው መጣ። አዲሱ ቀጂ ልኩን ይጠይቃል፣ ለማሰሪያው ቦታ ይተዋል፣ ሁልጊዜም ያስራል። የተረፈ ካለም ዝም አይልም፤ «አልበቃኝም» ብሎ ይናገራል። እንግዲህ ሥራዬ አሮጌዎቹን ቀጂዎች በየኮዱ ውስጥ እያደንኩ በአዲሱ መተካት ነው። ቃሉን ፍቆ ሌላ ቃል መጻፍ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። እያንዳንዱ ከረጢት የማን እንደሆነ፣ አጠገቡ ምን እንዳለ፣ ተቆርጦ ቢቀር ማን እንደሚጎዳ ማየት ይጠይቃል።

ባለቤቴ ይህንን ሁሉ ስነግራት ሰምታ ስታበቃ «እና ማንን ጠቀመ?» ትለኝ ነበር። ደህና መልስ ያገኘሁላት በወፍጮ ቤቱ ጉዳይ ነው።

ወፍጮ ቤቱ ከሐዲዱ ወዲህ፣ ከእኛ ቤት ሁለት መታጠፊያ አልፎ ነው። የምታስተዳድረው ከእናቷ የወረሰችው ሴት ናት፤ ሕፃን ሆና ዱቄት ለብሳ ስትሮጥ አውቃታለሁ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ወፍጮ ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ባለፈው ዓመት አሮጌው ሚዛን ሲሰበር ከሳሪስ አንድ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ገዛች። ሚዛኑ ትንሽ የኮምፒውተር ሳጥን አለው፤ ከሳጥኑ ጋር ደግሞ ከበሩ በላይ የሚሰቀል የመብራት ሰሌዳ ተያይዟል። ውጭ ፀሐይ ላይ የሚጠብቅ ሰው ተራው ሲደርስ በሰሌዳው ላይ ያያል። የሸጠላት ነጋዴ አማርኛ እንዲጽፍ አድርጎ ሰጣት። ሰፈሩ ሁሉ ሄዶ አየው።

አሠራሯ እንዲህ ነው። እህሉ ሲመጣ ያለ ስም ይመዘናል፤ ኪሎው በጠመኔ ከረጢቱ ላይ ይጻፋል። ዱቄቱ ሲያልቅ የባለቤቱን መጠሪያ በኪቦርዱ ትጽፋለች። ሳጥኑ ራሱን ዜሮ ያደርግና መጠሪያውን ተቀብሎ ሰሌዳው ላይ ያበራዋል። ከዚያ ሰውየው ገብቶ ዱቄቱ ዓይኑ እያየ ይመዘናል። ከብናኝ በቀር የገባው ያህል መውጣት አለበት።

መጠሪያ ያልኩት አለምክንያት አይደለም። እኛ ሰፈር ወፍጮ ቤት ውስጥ በስም መጥራት አይቻልም፤ አንድ ስም ሲጠራ አራት ሴት ብድግ ትላለች። ስለዚህ ሰው የሚጠራው በምልክቱ ነው። «ሹፌሩ»፣ «መምህሩ»፣ «የዳቦ ቤቷ»። ትልቅ ሰው ሲሆን ደግሞ ክብሩ ይጨመርበታል። ከድሮዎቹ ገበሬ ቤተሰቦች የሆኑ አንዲት እናት አሉ። ቤታቸው ሁለት በር አለው፤ አንዱ ድሮ ወደ ማሳቸው የሚያስወጣ፣ ሌላው አስፋልቱ ሲመጣ የተከፈተ። ማሳው ዛሬ ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ በሩ ግን አለ። እሳቸው «እማማ ባለ ሁለት በር» ናቸው። የማረሚያ ቤት ጥበቃ የነበረው ጡረተኛ ደግሞ «አስር አለቃ ባለ ጢሙ» ነው። እኔም የራሴ መጠሪያ አለኝ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ወሬው የጀመረው ከሴቶቹ ነው። የእማማ ዱቄት ጎደለ ተባለ። ቀጥሎ የሌላ አሮጊት ጎደለ። ቀጥሎ የአስር አለቃ። የሹፌሩ ግን አይጎድልም፤ የመምህሩም አይጎድልም። ሰው አንድ ላይ አገናኘውና «ከአቅመ ደካማ ትሰርቃለች» አለ። ይህ በሰፈራችን ከስርቆት ሁሉ የከፋው ነው።

እኔ የሰማሁት እዚያው ቆሜ ነው። የባለቤቴን ድብልቅ ይዤ ሄጄ ነበር፤ አስር አለቃ ከበሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል።

«አሥራ ስምንት ኪሎ አስገብቼ አሥራ ስድስት ተኩል አወጣለሁ? ቀሪውን አይጥ በላው?»

«አባቴ፣ እኔ አንድ እፍኝ አልነካሁም» አለች ባለ ወፍጮዋ።

«አባቴ አትበይኝ። እድሜ ልኬን ሌባ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ፊታቸውን አውቀዋለሁ።»

«እነሱም ያንተን አይረሱትም» አልኩት።

ዞር አለ። «አንተ ደግሞ መጣህ? ኮምፒውተርህን ትተህ?»

«የመጣሁት ዱቄት ይዤ ለመሄድ ነው። አንተ ግን ለምን መጣህ፣ ለንግግር?»

ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። «ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቻለሁ። ሰኞ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ቢዋሽ ያሽጉታል፤ ወፍጮውም አብሮ ይታሸጋል» አለና ከረጢቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ወፍጮ ቤት ከታሸገ ደንበኛ አይጠብቅም። ወደ ታች ሌላ ወፍጮ አለ፤ አንዴ የለመደ ሰው አይመለስም። ይህንን እሷም አውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ሰዉ ሲበተን ከረጢት ተደግፋ ቆማ «ጋሼ፣ እርስዎም ያምናሉ?» አለችኝ።

«እኔ የማምነው ያየሁትን ነው» አልኳት። እውነቱን ለመናገር እናቷን ስለማውቅ ሌባ እንዳልሆነች አውቅ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር በማወቅ ብቻ አይፈታም።

እማማ ባለ ሁለት በር ከነከረጢታቸው ገና እዚያው ነበሩ። ሰሌዳው ላይ የእሳቸው ዱቄት ሃያ ሦስት ኪሎ ከምናምን ነው የሚለው፤ ሲገባ ሃያ አምስት ነበር። ከረጢቱን ይዤ መንገድ ተሻግሬ ወደ እህል ነጋዴው ሄድኩ፤ እሱ እስካሁን በብረት መመዘኛ የሚመዝን አሮጌ ሚዛን አለው። ሃያ አምስት ሊሞላ የቀረው ብናኙ ብቻ ነው። ተመለስኩና «እማማ፣ ዱቄትዎ ሙሉ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ማነው የሚዋሸው?» አሉ።

«ሚዛኑ።»

«ሚዛን ሰው ለይቶ ይዋሻል እንዴ?»

እሳቸው የጠየቁት ጥያቄ ትክክለኛው ነበር። ወንበር ስቤ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጥኩ። ሚዛኑ ባዶ ሆኖ «ሹፌሩ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ ያንኑ ከረጢት አስቀመጥኩበት። ሃያ አምስት ገደማ። ከረጢቱን አውርጄ «መምህሩ» አልኩ፤ መለስኩት። ያው። «እማማ ባለ ሁለት በር» አልኩ። አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ሠላሳ ግራም ጠፋ። ከዚያ «እማማ»ን ትቼ «ባለ ሁለት በር» ብቻ ጻፍኩ። ዱቄቱ ተመለሰ።

ባለ ወፍጮዋ ከኋላዬ ሆና አየች። «ጋሼ፣ 'እማማ' ስል ነው እንዴ የሚሰርቀው?»

እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ገብቶኛል። ጉድለቱ ከከረጢቱ ትልቅነት ጋር አይሄድም፤ አሥር ኪሎም ሃምሳም ቢሆን ያው ነው። የሚሄደው ከመጠሪያው ርዝመት ጋር ነው። ከአሮጌው ቀጂ ጋር እዚህ እንገናኛለን ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«በይ ለጊዜው 'እማማ' እና 'አስር አለቃ' የሚለውን ተይው፤ አጭር አድርገሽ ጥሪ። ሰኞ ያልፋል።»

እንደ ሰደብኳት አየችኝ። «እሳቸውን በአደባባይ 'ባለ ሁለት በር' ብዬ ልጥራ? እናቴ ከመቃብር ትነሳብኛለች! ሰው ምን ይለኛል? ከነሚዛኔ ልዘጋ ይሻላል እንጂ።»

እማማ ከረጢታቸው ላይ እንደተቀመጡ «ልጄን ብልግና አታስተምራት» አሉኝ። ቀላሉ መንገድ በዚህ ተዘጋ። ሌላው መንገድ ኮዱ ነው። ኮዱ ደግሞ የእኔ ነው።

ሳጥኑን የሠራው የውጭ ድርጅት በዚያው ክፍት ከርነል ስለተጠቀመ የጨመረበትን ኮድ ለሕዝብ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አወረድኩት። ሚዛኑን የሚያዝዘውን ክፍል ከፍቼ ሳነብ ብዙም አልደከምኩም፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይደክም ነበር። ለመጠሪያው የተሰጠው ከረጢት ሠላሳ ሁለት ቦታ አለው። በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ፊደል አንድ ቦታ ስለሚይዝ ሠላሳ ሁለት ለእነሱ ይተርፋል። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሦስት ቦታ ይይዛል። «እማማ ባለ ሁለት በር» አሥር ፊደልና ሦስት ክፍተት ነው፤ ሠላሳ ሦስት ቦታ፤ ማሰሪያው ሲጨመር ሠላሳ አራት። አሮጌው ቀጂ ሳያይ ይገለብጠዋል። የተረፈው የት ይሄዳል? ከመጠሪያው ጎን የተቀመጠው የሚዛኑ ዜሮ ነው፤ ማለትም ሚዛኑ ከሚያየው ላይ የሚቀንሰው ቁጥር። የ«ር» ፊደል ሦስተኛ ቁራጭ እዚያ ትገባለች። ቁራጯ በቁጥር መቶ ሰባ ሦስት ናት። ሚዛኑ በአሥር በአሥር ግራም ስለሚቆጥር አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ሠላሳ ግራም ይሆናል። የ«ሙ» ቁራጭ ደግሞ መቶ ሃምሳ ሦስት ናት፤ የአስር አለቃ አንድ ኪሎ ተኩል እዚያ ነው የገባችው።

ስሌቱ ከሰሌዳው ጋር ግራም ሳይዛነፍ ሲገጥም ብቻዬን አጨበጨብኩ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን አገኘህ?» አለችኝ።

«ሌባውን።»

«ማነው?»

«አክብሮት» አልኳት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሳጥኑ ሹፌሩንና መምህሩን ያልነካቸው መጠሪያቸው አጭር ስለሆነ ነው። ክብር የጨመርንላቸውን ሰዎች ብቻ መርጦ በደለ። ባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ እስኪያማት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቁማ «ያቺን ልጅ ግን ሊዘጉባት ነው» አለች። እኔም ሳቄን አቆምኩ።

አንድ ነገር ገጠመኝ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ከርነል አሮጌ ነው፤ አዲሱ ቀጂ ከመፈጠሩ በፊት የተሠራ። ያለው አሮጌው እና ባለ ልኩ ብቻ ነው። ጊዜ ስለሌለኝ ባለ ልኩን አስገባሁ፤ አፉን እንደማያስር አውቃለሁ፣ ግን አጠገቡ ያለው ዜሮ ስለሆነ እንደ ማሰሪያ ያገለግላል ብዬ ገመትኩ። ቅዳሜ የታረመውን ኮድ በሜሞሪ ካርድ ጭኜ ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ አበራሁት። ኪሎው ልክ ሆነ። ባለ ወፍጮዋ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ሰሌዳውን አይታ ዘጋችው። «እማማ ባለ ሁለት በ» ይልና ከዚያ ወዲያ ግማሽ ፊደል፣ ሳጥን፣ ጭረት፣ እንግዳ ምልክት ይደረድራል። የሚዛኑ ጠረጴዛ ላይ የዱቄት ብናኝ ስላለ ዜሮው ዜሮ አልነበረም፤ አንባቢው የጎረቤቱን አብሮ አነበበ።

አስር አለቃ እንደ ልማዱ እዚያው ነበር። አንገቱን ቀና አድርጎ ሰሌዳውን ካየ በኋላ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለ። «አሁን ደግሞ ጠልሰም ጀመረች!»

«ጠልሰም አይደለም፤ አፉ ያልታሰረ ከረጢት ነው» አልኩት።

«ለተቆጣጣሪው ይህንኑ ንገረው። ፀበልም ይዞ ይምጣ።»

አንዲት ሴት አማተበች። አንዷ ከረጢቷን አንስታ ወደ ታችኛው ወፍጮ አመራች፤ ባለ ወፍጮዋ በዓይኗ ተከትላት መታጠፊያው ላይ እስክትሰወር አየቻት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ላፕቶፑን ስከፍት ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመች።

«በሰንበት?»

«በሬ ጉድጓድ ከገባ በሰንበትም ይወጣል።»

«አንተ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የምትሰማው የሚመችህን ብቻ ነው» ብላ ሄደች፤ ግን ምሳዬን ጠረጴዛው ላይ አመጣችልኝ። ሌላ ጊዜ ኮምፒውተር አጠገብ ወጥ አታስጠጋም።

አዲሱ ቀጂ ከሌለ አዲሱን ቀጂ ራሴ ጽፌ ወደ አሮጌው ከርነል ማስገባት ነበረብኝ። አስገባሁት። ከአዲሱ ከርነል ኮዱን እያነበብኩ፣ ለአሮጌው በሚስማማ መንገድ እያረምኩ፣ ለማሰሪያው ቦታ እየተውኩ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፤ የላፕቶፑ ባትሪ አሮጌ ስለሆነ ሁለቴም የጻፍኩትን ለማስቀመጥ ተሯሯጥኩ። ከረጢቱንም አሰፋሁት። ማስፋት ብቻ ግን የሰነፍ ሥራ ነው፤ ነገ ረዘም ያለ መጠሪያ ይመጣል። ስለዚህ ቀጂው «አልበቃኝም» ሲል ሰምቶ ምላሽ የሚሰጥ ጨመርኩበት። መቁረጥ ግድ ከሆነ ፊደል መሐል አይቆርጥም፤ ወደኋላ ተመልሶ ሙሉ ፊደል ላይ ያቆምና ሦስት ነጥብ ያደርጋል። ከዚያ በዚያ ፋይል ውስጥ ያሉትን ሌሎች አሮጌ ቀጂዎች በሙሉ አንድ በአንድ አየሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ግን አንዱን ሌባ ይዤ ሌሎቹን ቤት ውስጥ ትቼ የምወጣ ሰው አይደለሁም።

ሰኞ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ የተሰበሰበውን ሰው ብታዩ ልቅሶ ይመስላችሁ ነበር። ተቆጣጣሪዋ ወጣት ሴት ናት፤ ሃያ ኪሎ የብረት መመዘኛ በባጃጅ አስጭና መጣች። ባለ ወፍጮዋ ነጭ ነጠላ ለብሳ ወፍጮው አጠገብ ቆማለች፤ ሞተሩን አላስነሳችም። እኔ ካርዱን የቀየርኩት ጠዋት ነው፤ ቤቴ ላፕቶፑ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ እዚህ ሚዛን ላይ ግን ገና።

ተቆጣጣሪዋ ብረቱን አስቀመጠች። ሃያ። አነሳችና መለሰች። ሃያ። ወረቀቷን ልታወጣ ስትል አስር አለቃ እጁን አነሳ።

«የኔ ልጅ፣ ያለ ስምማ ሁልጊዜም ልክ ነው። ስም ተጽፎበት ይታይ።»

«ልክ ብሏል» አልኩ እኔ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «የማንን?»

«የእማማን» አለ።

ብረቱ ወረደና ባለ ወፍጮዋ ጻፈች። ሰሌዳው «እማማ ባለ ሁለት በር» አለ፤ ጥርት ብሎ፣ ከመጨረሻዋ ፊደል ጋር። ብረቱ ተመለሰ፤ ሃያ።

«የእኔን።»

«አስር አለቃ ባለ ጢሙ»። ሃያ። ጢሙን ዳሰሰ።

«አሁን የፈለግከውን ያህል አርዝመው» አልኩት። «እኔ የምፈራው የለኝም።»

አላፈረም። ዓይኑን ከድኖ፣ ድሮ እስረኛ ሲቆጥር በነበረበት ድምፅ፣ ለባለ ወፍጮዋ አስጻፋት፤ «የቃሊቲ ማረሚያ ቤት የጥበቃ ጡረተኛ፣ ከሐዲዱ ወዲህ ያለው፣ የሁሉ ጎረቤት፣ የማንም ያልሆነው፣ ዱቄቱን አንድ እፍኝ የማይምረው አስር አለቃ ባለ ጢሙ ነኝ ያለው…» እያለ ሲቀጥል ተቆጣጣሪዋ ራሷ ሳቀች። ባለ ወፍጮዋ ሁሉንም ጻፈች። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ሰሌዳው ቀና አደረገ። ሰሌዳው የሚችለውን ያህል ጻፈ፤ በአንድ ሙሉ ፊደል ላይ አቆመ፤ ሦስት ነጥብ አደረገ። ሳጥን የለም፣ ጭረት የለም። ከሥሩ ሃያ ኪሎ፣ ዜሮ ዜሮ።



ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱን ለጠፈች፤ የማሸጊያ ሳይሆን የማለፊያውን። «ማን ነው ያስተካከለው?» ስትል እማማ ባለ ሁለት በር በጣታቸው ጠቆሙኝ። እኔም አልደበቅኩም። ምን እንደሠራሁ ነገርኳት፤ ትንሽ ረዘመ መሰለኝ፣ ባጃጁ ጥሩምባ ነፋ። ለሳጥኑ ሠሪ ድርጅትም እርማቱን እንደላክሁ ነገርኳት። ቆይተው አመስግነው መልሰውልኛል፤ ሌላ አገር ባሉ ሚዛኖችም ላይ ሊጭኑት ነው ብለዋል። ይኸው የአቃቂ ሰው ሥራ።

ባለ ወፍጮዋ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች። የተቀመጠችው መሬት ላይ ነው፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ዱቄት ላይ። አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ስትጠርግ ዱቄት ቀባችውና ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ቅዳሜ ወደ ታች የሄደችው ሴት ከኋላ ቆማ ነበር፤ ከረጢቷን ይዛ መምጣቷን አየሁ።

ሞተሩ ተነሳ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአስር አለቃ ዱቄት ደረሰ። ገባና ከረጢቱን ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

«ይመዘን እንጂ» አለችው።

«ተይው፤ አያስፈልግም።» ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የተናገረው። ይቅርታ ማለቱ ነበር፤ ከዚያ ሰው አፍ ከዚህ የበለጠ አይወጣም።

«ለእርስዎ ባያስፈልግ ለእኔ ያስፈልገኛል» አለች። ከነማዕረጉ ጻፈችውና ከረጢቱን ራሷ አንስታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች። እኔ፣ እማማ፣ ባለቤቴ፣ ደጅ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ላይ አየን። የገባው ያህል ወጣ። አስር አለቃ ኪሎውን አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ አነበበና ከረጢቱን ትከሻው ላይ አድርጎ በሰው መሐል ወጣ።

«ቀጣይ!» አለች ባለ ወፍጮዋ፤ ድምጿ ከሞተሩ በላይ ተሰማ።